ምስጋና በመደበቅ ተከስሼ

ሰው በሕልሙ ይበራል፣ ባሕር ይሻገራል፣ ከሞተ ዘመዱ ጋር ይጨዋወታል። እኔ ግን ትናንት ሌሊት በሕልሜ ሥራ ገባሁ።

ሥራዬ ማተሚያ ቤት ነው። የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ከሆንኩ አሥራ ስድስት ዓመቴ። የታተመ ወረቀት ሁሉ ታጥፎ፣ ተሰፍቶ፣ ተቆርጦ የሚወጣው በእኔ ክፍል በኩል ነው። ከምናትመው ግማሹ የምስጋና ምስክር ወረቀት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም ያጌጠ፣ መሐሉ ላይ «ላሳዩት ከፍተኛ ትጋት» የሚል፣ የስም ቦታው ክፍት የሆነ ወረቀት። ሰኔ ሲመጣ የየመሥሪያ ቤቱ ሰው እየተጋፋ ያሳትመዋል። መተንፈሻ እናጣለን። ያን ሁሉ ምስጋና ስናጥፍና ስንቆርጥ እየከረምን፣ እርስ በርሳችን «ጥሩ ሠራህ» ተባብለን አናውቅም። እኔማ ጭራሽ። የመጀመሪያው አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «አስካለ፣ ሠራተኛን ዛሬ ካመሰገንሽው ነገ ዕድገት ይጠይቅሻል» ብሎ መክሮኝ ነበር። ምክሩን እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አስሬ ኖርኩ።

በሕልሜ እንደ ወትሮዬ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከበሩ ደረስኩ። ሠራተኛው ተሰልፏል። ጠጋ ብዬ ባይ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ቴዎፍሎስ ከሊስትሮ ሳጥን ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሠራተኛ ጫማ ይጠርጋሉ። ከረባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረውታል። ክው አልኩ። እኚህ ሰው እኮ በአዘቦቱ የጠቆረውን የመኪናቸውን መስኮት እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ በአጠገባችን የሚያልፉ ናቸው።

«ቀኝ እግርህን ስጠኝ፣ የኔ ጌታ» ይሉታል አንዱን የማሽን ሠራተኛ። «ትናንት ያቺን የተጣበቀች ሮለር እንዴት አድርገህ ነው ያላቀቅካት? እስኪ አጫውተኝ።»

«ነገ እነግርሃለሁ» አለ ልጁ እያዛጋ። «አሁን አትነዝንዘኝ።»

«እሺ ጌታዬ። እንዳሻህ።»

ልጁ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ሥራ አስኪያጁን አንተ ሲል መሬት ተሰንጥቃ ትውጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። መሬት ዝም አለች። እኔም «እንደምን አደሩ» ብዬ ቀረብኩ። አቶ ቴዎፍሎስ ቀና ብለው ሲያዩኝ ብሩሹ ከእጃቸው ወደቀ።

«ወይዘሮ አስካለ! ዛሬ እንዴት ትመጫለሽ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ስምሽ ተለጥፎ!»

«የት ነው የተለጠፈው?»

«ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ። እኔስ ጥፋቴን አምኜ በጫማ መጥረግ ተገላገልኩ። ያንቺ ግን...» ብለው ግራና ቀኝ አዩና ጫማ መጥረጋቸውን ቀጠሉ።

ወደ ጣት አሻራ ማሽኑ ሄድኩ። ከፊቴ ያለችው ልጅ አውራ ጣቷን ስታስነካው ማሽኑ በለሰለሰ ድምፅ «እንኳን መጣሽልን! ትናንት በጊዜ ወጥተሽ ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር» አላት። ልጅቷ ፈገግ ብላ ገባች። ቀጥሎ የገባውን ሽማግሌ ስለ ወገቡ ሕመም ጠየቀው። እኔ ጣቴን አስነካሁ።

«ይቅርታ፣ እንደገና ይሞክሩ» አለኝ።

ደግሜ አስነካሁ። ጣቴን በቀሚሴ ጠርጌ ሞከርኩ። «ይቅርታ፣ እንደገና ይሞክሩ።» ከኋላዬ ያሉት ማጉረምረም ሲጀምሩ በጎን በር ሾልኬ ገባሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቴ በጎን በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰሌዳው ላይ እውነትም ስሜ አለ። «የጥረዛ ክፍል ኃላፊ ወይዘሮ አስካለ ወርዶፋ፣ ምስጋና በመደበቅ ወንጀል ስለተጠረጠሩ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ የጽዳት ዕቃ ክፍል እንዲቀርቡ።» ከሥሩ ትልቅ ማኅተም አለበት። ማኅተሙ ላይ የተቀረጸው መወልወያ ነው።

ቀልድ ከሆነ የሚስቅ ሰው ይኖራል ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ የሚስቅ የለም። በኅትመት አዳራሹ ውስጥ አቋርጬ ስሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ። ትልቁ ማሽን ከመብራት መስመሩ ተነቅሎ ይሠራል። አንዲት ሠራተኛ ከጎኑ ቆማ እንደ ፈረስ አንገቱን እየደባበሰች፣ «አይዞህ፣ ትናንት ያተምካት ካላንደር እኮ ቀለሟ ልክ የመስከረም ሜዳ ነው የመሰለችው» ትለዋለች። ማሽኑ ይህን ሲሰማ ወረቀቱን እየዘለለ ይተፋል። ዝም ስትል ይቆማል። እኔ በአጠገቡ ሳልፍ ቀጥ አለ። አንድም ሉክ አልተፋም፣ በሩን ወጥቼ እስክሄድ ድረስ።

የጽዳት ዕቃ ክፍሉ ከደረጃው ሥር ያለች ጠባብ ጓዳ ናት። በሯ ላይ የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ ተሰልፈዋል፤ የዕቃ ግዢው፣ የሽያጩ፣ የሰው ኃይሉ። ሁሉም እጃቸው ላይ ወረቀት ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። የሰው ኃይል ኃላፊው «እኔ እኮ ሁለት ጊዜ ጎበዝ ብያለሁ፣ ምስክር አለኝ» እያለ ያለቅሳል። «ማንን?» ሲሉት «ውሻዬን» አለ። ከሰልፉ ተጎትቶ ወጣ። ወዴት እንደወሰዱት አላየሁም፤ ጩኸቱ ግን ረጅም ነበር።

ስሜ ተጠራ። ገባሁ።

ከመጥረጊያና ከባልዲ መሐል፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ዘነቡ ተቀምጣለች። ዘነቡን በየቀኑ አውቃታለሁ ልል ነበር። የማውቀው ግን ጎንበስ ያለ ጀርባዋን ነው። ጠዋት ጠዋት ገና ያልደረቀውን ወለሏን በጫማዬ ረግጬባት ነው የማልፈው። አሁን ቀና ብላ ተቀምጣ በቀጥታ ታየኛለች። ፊቷ ከገመትኩት ይልቅ ወጣት ነው። ከጎኗ ሦስት ፍየሎች የመዝገብ ቤት ሰማያዊ ጋውን ለብሰው ከፊታቸው የሠራተኞች ፋይል ተቆልሏል። ከየፋይሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እያወጡ ያመነዥካሉ።

«ቁጭ በይ» አለችኝ ዘነቡ። መቀመጫ የለም። ባልዲ ደፍቼ ተቀመጥኩ።

«በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሰው አመሰገንሽ?»

«እመቤቴ፣ እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ የሥራ አፈጻጸም ቅጽ በወቅቱ እሞላለሁ። ለሁሉም ‹አጥጋቢ› ነው የምለው። አንድ ሰው እንኳ በድዬ...»

«አጥጋቢ!» ብላ ጮኸች። ውጭ የተሰለፉት ኃላፊዎች ጆሯቸውን ያዙ። «ልጅሽ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ወጥ ሠርታ፣ እናቴ ጣፈጠሽ ወይ ብትልሽ፣ አጥጋቢ ነው ትያታለሽ?»

እውነቱን ለመናገር ልጄ ወጥ የሠራች ቀን ምን እንዳልኳት ትዝ አላለኝም። ምንም ሳልል አልቀርም።

«እሷስ ትቆይሽ» አለች ዘነቡ። «ለፍየሎቹ ነው የማዝነው። ከሌላው ክፍል ፋይል በቀን አርባ ደብዳቤ ይውጣሉ። ያንቺን ክፍል ከያዙ ግን ይኸው ሆዳቸውን ቆርጧቸዋል።»

መሐለኛዋ ፍየል አንድ ደብዳቤ አፏ ውስጥ እያገላበጠች ነበር። ፊቷን አጨማደደች። ተፋችው።

«ይሄኛው ይመርራል» አለች። «ፊርማው የማን ነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የእኔ ነው። ጫፉ በምራቅ ርሷል፣ ፊርማዬ ግን እንደተጻፈበት ቀን ደምቋል። «ያለ ኃላፊ ፈቃድ ማሽን በማቆምና በደንበኛ ሥራ ላይ መዘግየት በማድረስ» ይላል። የተጻፈው ለጋሽ ድንበሩ ነው።

ጋሽ ድንበሩ የወረቀት ቆራጫችን ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ትልቅ መቁረጫ ማሽን ፊት ቆመዋል። ድምፃቸውን በሳምንት አንዴ ብንሰማ ነው።

«ሌላውን ሁሉ እንተውልሽ» አለች ዘነቡ ማኅተሟን በእጇ እያገላበጠች። «የምሳ ደወል እስኪደወል ድረስ ለጋሽ ድንበሩ አንድ ምስጋና ትሰጪያቸዋለሽ። አንድ ብቻ። ግን እውነት ይሁን። በዓይንሽ ያየሽው ይሁን።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አልኩ፤ እንደ መሳቅም ቃጣኝ።

ፍየሎቹ ማመንዠካቸውን አቆሙ። ዘነቡም አልሳቀችም። «ቀላል ቢሆን ኖሮ ሰውየው እንደዚያ ባልሆኑ» አለችኝ።

«ምን ሆኑ?»

«ሂጂና እዪያቸው።»

እየሮጥኩ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። በር ላይ ፍቅርተን አገኘኋት። ፍቅርተ ከአምስት ወር በፊት የተቀጠረች ልጅ ናት፤ የታጠፈ ወረቀት ለቆራጩ የምታቀርብ። ምስጋና አፌ ላይ ስላልለመደ መጀመሪያ በእሷ ላሟሸው ብዬ አሰብኩ።

«ፍቅርተ» አልኳት፣ «ጎበዝ ነሽ። በጣም ምርጥ ሠራተኛ ነሽ። ከፍተኛ ትጋት አሳይተሻል።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ወረቀት ሆነ። በወርቅ ቀለም ያጌጠ ምስክር ወረቀት፣ የስም ቦታው ባዶ። እግሯ ሥር ወደቀ። ደንግጬ «እውነቴን ነው! ድንቅ ነሽ! ለመሥሪያ ቤታችን ኩራት ነሽ!» አልኩ። ሌላ ወረቀት፣ ሌላም፣ ሌላም። አፌን ልዘጋ ብል እምቢ አለኝ። «አርአያ ነሽ፣ ታታሪ ነሽ፣ አስተዋጽዖሽ የላቀ ነው...» ወረቀቱ ከጉልበቷ አለፈ፣ ከወገቧ አለፈ።

«ስም የለበትም!» ብላ ጮኸች ፍቅርተ። «ወይዘሮ አስካለ፣ ስሜ የለበትም!»

ሠራተኛው እየተንጋጋ መጣ። በእጁ ይዝቅ ጀመር። እኔ አፌን በሁለት እጄ አፈንኩት፤ በጣቶቼ መሐል ይወጣል። ወረቀቱ ጭንቅላቷን ዋጠው። በመጨረሻ ከክምሩ ላይ የሚታዩት ወደ ላይ የዘረጋቻቸው ሁለት እጆቿ ብቻ ነበሩ። ጣቶቿን አየሁ። አሥር ናቸው። አሥሩም አሉ።

ያኔ ነው አፌ በራሱ ጊዜ የተዘጋው።

አሥር ጣት ምን ያስደነግጣል ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ሕልም ሳይሆን በእውን የሆነ ነው። ከሦስት ወር በፊት፣ ፍቅርተ ሥራ በገባች በሁለተኛው ወር፣ የተንጋደደ ወረቀት አቃናለሁ ብላ እጇን ከምላጩ ሥር ሰደደች። እኔ ከቢሮዬ በመስተዋቱ በኩል እያየሁ ነበር። መጮኽ እንኳ አልቻልኩም። ጋሽ ድንበሩ በክርናቸው ማቆሚያውን መቱ፣ በሌላ እጃቸው ልጅቷን በጋውኗ አንገት ጎትተው ወደ ኋላ ጣሏት። ምላጩ መሐል ላይ እየተንቋቋ ቆመ። ስለቱ ተሸረፈ። ምላጭ እስኪቀየር አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ቆመ፣ ደንበኛው መጥቶ ጮኸብኝ፣ አቶ ቴዎፍሎስም «ተጠያቂው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ሰው መጠየቅ ነበረበት። ደብዳቤውን ጻፍኩት። ጋሽ ድንበሩ አንብበው ፈረሙ። ከዚያ ግልባጩን እንደ ባለሙያ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥመው አጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ቆመው አዩኝ። የሆነ ነገር እንድላቸው የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር፤ እኔም «በሉ ወደ ሥራዎ» አልኳቸው።

ወደ ሕልሜ ልመለስ። ፍቅርተን ጎትተው አወጧት። እኔ እሷን አልፌ ወደ መቁረጫው ማሽን ሄድኩ። ጋሽ ድንበሩ እንደ ሁልጊዜው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ከኋላ ሳያቸው ደህና ናቸው። ሰፊ ጀርባ፣ ሰማያዊ ጋውን። ተመስገን ብዬ ወደ ጎናቸው ዞርኩ።

ከጎን የሉም።

እንደ ሉክ ወረቀት ቀጥነዋል። ከፊት ሲያዩዋቸው ሙሉ ሰው ናቸው፣ ከጎን ግን ክር የምታህል መስመር። የአየር ማናፈሻው ሲዞር ጫፋቸው ይርገበገባል። ከፊታቸው ምላጩ በራሱ ጊዜ ወጣ ወረድ፣ ወጣ ወረድ ይላል። ነፋሱ በገፋቸው ቁጥር ወደ ምላጩ አንድ ስንዝር ይጠጋሉ።

«ጋሽ ድንበሩ!» ብዬ ጮኽኩ። ልበላቸው የፈለግሁትን አውቀዋለሁ። ምላሴ ላይ አለ። አፌን ከፈትኩ።

«ለምን ዘገዩ?» አልኩ።

ሠራተኛው ሁሉ ጭንቅላቱን ያዘ። ጋሽ ድንበሩ ይበልጥ ቀጠኑ። ጋውናቸውን አልፎ የማሽኑ ቀይ መብራት ይታየኝ ጀመር።

«አይደለም፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም! ጋሽ ድንበሩ፣ እኔ ልል የፈለግሁት... ጋውንዎን ይቆልፉ!»

«ኧረ በእናትሽ!» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

«ቆሻሻውን ማን ሊጠርገው ነው? ትናንት መብራት ሳያጠፉ ነው የወጡት! ይሄ ጠርዝ አልተስተካከለም!» ምላሴ እንደ ቀልቃላ ፈረስ በለመደው መንገድ ይጋልባል። ቃሌ በወጣ ቁጥር ይሳሳሉ። አሁን ሥዕል እንደሚገለበጥበት ስስ ወረቀት ሆነው አንድ ፊት ብቻ ቀርቷቸዋል። ምላጩ የጋውናቸውን ጫፍ ቆረጠው፤ ሰማያዊ ክር ወለሉ ላይ ወደቀ። እጃቸውን ይዤ ልጎትታቸው ብል እቀድዳቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አላውቅም። ልጄ በሕፃንነቷ ሆስፒታል የገባች ቀን እንኳ እንዲህ አልሆንኩም።

ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ያየሽውን ነው ያልኩሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «የለመድሽውን አይደለም።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ከማሽኑ እግር ሥር፣ ቅባትና ብጥስጣሽ ወረቀት ላይ። ከዚያ ሆኜ ፊታቸውን ከታች ወደ ላይ አየሁት። አፌን ሳልከፍት በፊት ደጋግሜ በልቤ አልኩት። ከዚያ ቃሉ ጉሮሮዬን እየቧጨረ እንደ ዓሣ አጥንት ወጣ።

«ጋሽ ድንበሩ። የፍቅርተ ጣቶች ያሉት በእርስዎ ነው። በክርንዎ ማቆሚያውን ሲመቱ አይቻለሁ። በመስተዋቱ በኩል ቆሜ አይቻለሁ። አይቼ ነው ያን ደብዳቤ የጻፍኩት። ፈርቼ ነው። እርስዎ አልፈሩም።»

ምላጩ ቆመ። በመጀመሪያ ጆሯቸው ወፈረ። ቀጥሎ ትከሻቸው፣ ከዚያ ክርናቸው፣ ያ የመታው ክርን። ሥጋና አጥንት ሲለብሱ የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ደረቅ እንጨት በዝናብ ሲርስ እንደሚያሰማው ዓይነት ነው። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የግራ ቅንድባቸውን የሚያቋርጥ አሮጌ ጠባሳ አለ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አላየሁትም ነበር። ጋሽ ድንበሩ አዩኝ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሊናገሩ ነው...

«ቆራሌው! ቆራሌው!»

ነቃሁ። የምሳ ደወል አይደለም፤ የሰፈራችን ቆራሌው በመስኮቴ ሥር እያለፈ ነው። ነግቷል። ትራሴ ርሷል። ቅዳሜ ስለሆነ ሥራ የለም፤ ሰኞ እስኪደርስ ግን የምቆይበት አቅም አልነበረኝም። የተናገርኩት በሕልሜ ነው እንጂ ሰውየው ምን ሰምተው? ደብዳቤውም እዚያው ፋይላቸው ውስጥ ነው። ስልኬን አነሣሁ። ደወልኩ።

«ሃሎ? ወይዘሮ አስካለ?» አሉ ጋሽ ድንበሩ በደነገጠ ድምፅ። «ሰላም ነው? ማሽኑ ተቃጠለ?»

«ሰላም ነው፣ ጋሽ ድንበሩ። ማሽኑም ደህና ነው። በጠዋት ስለረበሽኩዎ ይቅርታ። የደወልኩት ስለ ፍቅርተ እጅ ነው። ያን ቀን ያደረጉትን በዓይኔ አይቻለሁ። የጻፍኩት ደብዳቤ ስሕተት ነበር፤ አወጣዋለሁ። አመሰግናለሁ ልልዎ ነው የደወልኩት።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ጋሽ ድንበሩ?»

«አለሁ። ምን አሉኝ?»

«አመሰግናለሁ አልኩዎ።»

ስልኩን ከአፋቸው ሲያርቁት ሰማሁ። «ተነሺ» አሉ ለባለቤታቸው። «ተነሺ፣ የፈራነው ደረሰ።»

«ምን ሆነ?»

«አመሰገነችኝ።»

ሴትዮዋ እሪታዋን አቀለጠችው። «ወይኔ ልጆቼን! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዕድሜህን ፈጅተውልህ! ያውም በስልክ!»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ ማተሚያ ቤት «እናመሰግናለን» የሚል ቃል ለሠራተኛ የሚጻፈው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በስንብት ደብዳቤ የመጨረሻ መስመር ላይ። «እስካሁን ለሰጡት አገልግሎት እናመሰግናለን።» ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስቱን የፈረምኩት እኔው ነኝ።

«ኧረ ጋሽ ድንበሩ፣ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «ማንም አላሰናበተዎትም! ጎበዝ ነዎት ነው የምልዎ! እንደ እርስዎ ያለ ባለሙያ የለንም! እርስዎ ባይኖሩ...»

ባመሰገንኳቸው ቁጥር የሴትዮዋ ልቅሶ ይብሳል። ጎረቤቶቿ የሰሙ መሰለኝ፣ የበር መንኳኳት ተሰማ፣ «ማን ሞተ?» የሚል ድምፅም ጭምር።

«ይሁን፣ ወይዘሮ አስካለ፣ እርስዎም አይጨነቁ። ከላይ ታዘው ነው፣ ይገባኛል» አሉኝ ጋሽ ድንበሩ በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው፣ እኔን እያጽናኑ። «የማሽኑን ቁልፍ ዛሬውኑ ላምጣ ወይስ ሰኞ?»